ለግራ እጅ የሚሆን ጆይስቲክ

ጃለታ ቀኝ እጁን እንዴት እንዳጣ ሰፈሩ የሚያውቀው ሌላ ነው፤ የሆነው ደግሞ ሌላ።

አቃቂ ውስጥ ፌሮ በሚያመርት ፋብሪካ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። በጉልበት ሠራተኝነት ገብቶ፣ ብረት ተሸክሞ፣ ሚዛን ቤት ሠርቶ፣ በመጨረሻ ጣሪያው ሥር ወደተንጠለጠለችው የክሬን ጎጆ ሲወጣ ሌላ ሥራ አላማረውም። የፌሮ እስር ከፍ አድርጎ አዳራሹን ከዳር እዳር አሻግሮ መኪና ላይ ሲያሳርፈው፣ ሹፌሩ ብረቱ መድረሱን የሚያውቀው ዞር ብሎ ሲያይ ብቻ ነው ይሉ ነበር። የጎረቤት ልጅ የሆነውን፣ አብሮ አደጉን ሰቦቃን ፋብሪካው ውስጥ ያስቀጠረውም እሱ ነው። ተያዥ ሆነለት፤ ክሬኑንም ጎን ለጎን ተቀምጦ አስተማረው።

አደጋው የደረሰ ዕለት ከሥር ሆኖ መንጠቆ የሚያስረው ሠራተኛ ስላልመጣ፣ ጃለታ «እኔ ከታች ልሁን፣ አንተ ውጣ» ብሎ ሰቦቃን ወደ ላይ ላከው። የሽቦ ገመዱ ብረቱ ላይ ተጣሞ ነበር። ሊያቃናው እጁን ሲያስገባ፣ እሱ ምንም ምልክት ሳይሰጥ፣ ገመዱ ተወጠረ። ቀና ሲል በጎጆዋ መስታወት ውስጥ ያየው ሰቦቃን ነው፤ አንድ እጁ ማንሻው ላይ፣ ሌላው ከጆሮው ጋር። ስልክ እያወራ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ፣ እጁ ከአንጓው በላይ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሰቦቃ መጥቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ስልክ መያዙ ከታወቀ ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን መታሰርም እንዳለ፣ ልጆቹ ገና ሕፃናት እንደሆኑ፣ ሚስቱ አሰለፈች ነፍሰ ጡር እንደሆነች ነገረው። ጃለታ በማደንዘዣ የደነዘዘ አእምሮ ይዞ ብዙ አላሰበበትም። የእሱ እጅ እንደሆነ ሄዷል፤ የሰው ቤት አብሮ ለምን ይፍረስ? አጣሪ ኮሚቴው ሲጠይቀው «አንሳ ብዬ ምልክት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው እጄን ያስገባሁት» አለ።

ኮሚቴውም ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎ ደመደመ። የራሱ ጥፋት ስለሆነ ካሳ አልነበረውም። አንድ እጅ ላለው ሰው የሚሆን ቀላል ሥራ ይፈለግለታል ተብሎ ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ ተረሳ። ሰቦቃ ግን ክሬኑ ላይ ቆየ፣ ኋላም የፈረቃ ካቦ ሆነ።

ለሚስቱ ለአደሴም የነገራት ያንኑ ኮሚቴው ፊት ያለውን ነው። ምስጢር ከሁለት ሰው አልፎ ሦስተኛ ጋ ከደረሰ አይቆይም ብሎ ፈራ። አደሴ አመነችው፤ ስላመነችውም አልማረችውም። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ገላውን ታጥበዋለች፣ ሥጋውን ትቆርጥለታለች፣ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገብታ ቤቱን ለብቻዋ የተሸከመችውም እሷ ናት። ነገር ግን የቤት ኪራይ ሲጨመር፣ የሰርቪስ አውቶቡሱ አምልጧት በሚኒባስ ተጋፍታ ስትመለስ፣ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ሲላት፣ አንድ ቃል ከአፏ ታመልጥ ነበር፤ «በገዛ እጅህ ያመጣኸው ነው»። ጃለታም ዝም ይላል።

ቀኑን ቤት ውስጥ መዋል ሲያንገበግበው ወደ ሙህሲን ሱቅ መሄድ ጀመረ። ሙህሲን ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አቃቂ የሰፈሩ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ያገለገለ ዕቃም የሚሸጥ ሰው ነው። ወሬ ይወዳል፤ ሰው ወሬውን እየሰማ ከተቀመጠለት ደግሞ ሻይ እያዘዘ ቀኑን ሙሉ አይሰለቸውም። አንድ ቀን የጠገነውን ኮምፒውተር ሊፈትሽ አንድ ጌም ከፈተ። ጥቁር ሰማይ፣ ከዋክብት፣ በመሐል ዕቃ የጫነች መንኮራኩር። አንዱ ጣቢያ ጭነት ተረክባ በሕዋ ተጉዛ ሌላው ጣቢያ ታራግፋለች። ጣቢያው በራሱ ዛቢያ ላይ ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ መንኮራኩሯም በዚያው ልክ እየዞረች በጠባቡ በር መግባት አለባት። ሙህሲን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጣትና ሳቀ።

ጃለታ አልሳቀም። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

«ሲቃረብ ነው ያጠፋኸው» አለው። «ከሩቁ ነበር ማዘግየት የነበረብህ። ጭነት እኮ ብታቆመውም ወዲያው አይቆምም።»

«እስቲ አንተ ሞክረው» አለና ሙህሲን ቦታውን ለቀቀለት።

በኪቦርድ ግን አልሆነለትም። አንዱ ቁልፍ አፍንጫዋን ያነሳል፣ ሌላው ያዞራል፣ ሌላው ፍጥነት ይጨምራል፤ ሁሉንም በአንድ እጅ መድረስ አይቻልም። ቁልፍ ደግሞ ወይ ተነክቷል ወይ አልተነካም፤ በጥቂቱ የሚባል ነገር አያውቅም። ጃለታ የለመደው ማንሻ ሲገፉት በገፉት ልክ የሚታዘዝ ነው። ሙህሲን ይህን ሲሰማ፣ ለዚህማ ጆይስቲክ አለ አለው።

ጃለታ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ከባንክ የቀረችውን ጥሪት አውጥቶ ሙህሲን ከአሮጌ ዕቃ የገጣጠመውን ኮምፒውተር ገዛ። አደሴ ስታየው ሰሃኑን እያንቋቋች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የቀረው ጆይስቲኩን መምረጥ ነው። ከሙህሲን ጋር ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው በስልክ ፎቶ እያዩ አማረጡ። ብዙዎቹ እጀታቸው ለቀኝ መዳፍ የተቀረጸ ነው፤ የአውራ ጣት ማረፊያው በግራ በኩል፣ የመዳፉ ጉብታ በቀኝ በኩል። በግራ እጅ ሲይዙት ጉብታው የጣቶቹን መገጣጠሚያ ይወጋል፣ ቁልፎቹም ማንም ጣት በማይደርስበት ይቀራሉ። የእግር ፔዳል ያላቸውን ተዉአቸው፤ ለቤቱም ለኪሱም አይሆኑም። በሁለት እጅ የሚያዙ፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑም አሉ። እነሱን ሙህሲን ሳያሳየው በጣቱ አሳለፋቸው፤ ጃለታ ግን አይቷል።

በመጨረሻ የሚፈልገውን አወቀ። እጀታው ቀጥ ያለ፣ ለግራም ለቀኝም እኩል የሚሆን። ራሱ እጀታው ወደ ጎን የሚጠመዘዝ፣ ፔዳሉን የሚተካ። የፍጥነት መቆጣጠሪያዋ ትንሽ ማንሻ እዚያው ጆይስቲኩ መቀመጫ ላይ ያለች፣ በተቆረጠው ክንዱ ጫፍ ሊገፋት የሚችላት። ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ። ሙህሲን ዱባይ ለሚመላለስ ዘመዱ ፎቶውን ላከ፤ ጃለታም መጠበቅ ጀመረ።

በዚህ መሐል ወሬው ሰቦቃ ጆሮ ደረሰ። አንድ እሑድ፣ የእድር ስብሰባ ተበትኖ ሰው ገና ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲያወራ፣ ሰቦቃ ከባጃጅ ትልቅ ካርቶን አውርዶ መጣ። በሰው ሁሉ ፊት «ወንድሜ የሚጫወትበት አጣ ሲሉ ሰምቼ እንዴት ዝም እላለሁ?» አለና ካርቶኑን ጃለታ እግር ሥር አኖረው። ሰው አጨበጨበ። አሰለፈች ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኑ ቆማ ነበር፤ ፊቷ በርቷል። ካርቶኑ ሲከፈት ከውስጡ የወጣው ከፎቶዎቹ ሁሉ ውዱ፣ የሚያምር ጥቁር ጆይስቲክ ነው። እጀታው ለቀኝ እጅ የተቀረጸ።

ጃለታ ዕቃውን ትንሽ አየው። ከዚያ ሰቦቃን አየው። ሰቦቃ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ምን እንዳደረገ አልገባውም። ጃለታ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው፦ ይህ ሰው ከሆስፒታሉ ቀን ጀምሮ፣ እድር ላይ ሲገናኙ፣ በዓል ሲጠያየቁ፣ ክንዱ ያለቀበትን ቦታ አንድም ቀን አላየም። ዓይኑ እዚያ ሲደርስ ይዘላል። ሰው በቆመበት ምን ይበል? «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

በነጋታው ሙህሲን ዘንድ ወሰደው። ሙህሲን እጀታውን አገላብጦ አየውና መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ «ተወው፣ እኔ እሸጠዋለሁ። የኛው ሲመጣ በዚህ ዋጋ አንተ ትወስደዋለህ» አለው።

ከዱባይ ያዘዙት መጣ። ጃለታ መጀመሪያ ያደረገው ጆይስቲኩን ማሰር ነው። ሰሌዳ ላይ በብሎን አጥብቆ፣ ሰሌዳውን ከጠረጴዛው ጋር በመቆንጠጫ ያዘው፤ አንድ እጅ ያለው ሰው ዕቃው ቢንሸራተት በሌላው ይዞ አያቆመውም። ገመዱን ሲሰካ ኮምፒውተሩ ወዲያው አወቀው። ግን አልታዘዝ አለው። እጀታውን ለቆት እንኳ መንኮራኩሯ ቀስ እያለች ወደ ግራ ታዘነብላለች። ሙህሲን በስልክ እንደነገረው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መሐል ላይ ያለችውን ጥቂት ንቅናቄ ኮምፒውተሩ እንዳይቆጥራት አዘዘው። አበዛውና እጀታው ደነዘዘ፤ ቀነሰው። ወደ ራሱ ሲስበው አፍንጫዋ ወደ ታች ትደፋለች፤ ክሬኑ ላይ ወደ ራስ መሳብ ማንሳት ነው፣ እጁ ሌላ አልቀበል አለ፤ እሱንም ገለበጠው። እጀታውን መጠምዘዙን በራሷ ዛቢያ እንድትዞር አደረገው፣ ጣቢያው ሲዞር አብሮ ለመዞር ይቀላልና። እጀታው መሐል አካባቢ ሲሆን ዝግ የምትል፣ ዳር ሲደርስ የምትፈጥን አድርጎ መንኮራኩሯን አስተካከላት። የፍጥነቷን ማንሻ በክንዱ ጫፍ ሲገፋት በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳው ቆሰለ፤ ጨርቅ ጠቀለለበትና ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ግራ እጁ ተማረ። በፊት ማንኪያ ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነበር። አሁን ጭነት የሞላች መንኮራኩር የሚዞር በር ውስጥ ግድግዳ ሳትነካ ያስገባል። ተኩስ ያለበትን ጨዋታ ሙህሲን ቢያሳየው አልፈለገውም። እሱ የሚወደው ማንሳትና ማሳረፍ ነው። አደሴ ከሥራ ስትመለስ ጀርባውን ሰጥቷት ታገኘዋለች። አንድ ቀን ደስ ብሎት «ዛሬ የሞላ ጭነት አሳረፍኩ» አላት። እሷም ጫማዋን እያወለቀች «እኛስ ቤት መቼ ታሳርፋለህ?» አለችው።

ቃሏ ከነከነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ፋብሪካው አዲስ ክሬን ማስተከሉን ሰማ። ጎጆ የለውም አሉ፤ ኦፕሬተሩ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሪሞቱን በቀበቶ ሆዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሁለት አጫጭር ጆይስቲኮች ነው የሚያዘው። ጃለታ ይህን የሰማ ዕለት ራት አልበላም። በማግስቱ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ አደሴ ሳትጠይቀው ቁልፉን ቆልፋለት፣ ወደ ፋብሪካው ሄደ።

የቴክኒክ ኃላፊው አዲስ ሰው ነው፤ ጨዋ መሐንዲስ። ታሪኩን ሰማ፣ ክንዱን አየ፣ ትንሽ አመነታና «እስቲ ሞክር» አለው። ሪሞቱን በቀበቶ ሆዱ ላይ አሰሩለት። ጃለታ ግራውን ጆይስቲክ በመዳፉ፣ ቀኙን በክንዱ ጫፍ ያዘ። አንድ እስር ፌሮ አነሳ። አዳራሹን አሻገረው። ብረቱ ሊወዛወዝ ሲል በመጣበት አቅጣጫ ጥቂት ተከተለውና አረጋጋው። መኪናው ላይ ሲያሳርፈው ከአቧራ በቀር የተነሳ ነገር የለም፤ ድምፅም አልተሰማ። የድሮ ባልደረቦቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎታል። ለካቦው፣ ለሰቦቃ፣ ዞር ብሎ ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ፣ ያ አደጋስ እንዴት ነበር ሲል ጠየቀው።

ጃለታ በዚያች ቅጽበት ልቡ ሞቆ ነበር። ሰቦቃ እውነቱን ይናገራል ብሎ አልጠበቀም። «ጥሩ ሰው ነው፣ ጎበዝ ነው» ብቻ ይበልልኝ አለ በልቡ።

ሰቦቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ችሎታውን ማንም አይክደውም» አለ። «ግን አንሳ ብሎ ምልክት ሰጥቶ እጁን ያስገባ ሰው ነው። ራሱ ነው ያመነው። ነገ ሌላ ሰው ቢጎዳ ኃላፊነቱን እኔ አልወስድም።»

ጃለታ ሰቦቃን አየው፤ ሰቦቃ ሪሞቱን ያያል። አሁን ተነስቼ ስልክ ይዞ የነበረው እሱ ነው ብል ማን ያምነኛል ብሎ አሰበ። ሥራ ፍለጋ የመጣ አካል ጉዳተኛ የካቦውን ስም ሲያጠፋ ነው የሚመስለው። ቀበቶውን በአንድ እጁ ለመፍታት ታገለ። መሐንዲሱ ረዳው፤ አዝናለሁም አለው።

ሰቦቃ በር ላይ ደረሰበት። እያለከለከ ነበር። «ጃለታ፣ ተረዳኝ» አለው። «ያው ያኔ የለመንኩህ ሰው ነኝ። አንተ ከገባህ ነገሩ ይነሳል፣ ሰው ይጠይቃል። ያለፈ ነገር ቢወራ ለማን ይበጃል?»

«ለእኔ ይበጅ ነበር» አለ ጃለታና መንገዱን ቀጠለ።

ያን ምሽት ለአደሴ ሁሉንም ነገራት። ስልኩን፣ የሆስፒታሉን ልመና፣ ኮሚቴውን፣ የዛሬውን። ታቅፈኛለች ብሎ ነበር። ቢያንስ ሰቦቃን ትረግመዋለች ብሎ ነበር። አደሴ ፈዝዛ ሰማችው፤ ሲጨርስ ፊቷ ላይ ያየው ነገር ሐዘን አልነበረም።

«እሱ ልጆች አሉኝ አለህ፤ አንተም አዘንክለት» አለች ቀስ ብላ። «እኔስ? እኔ ማን ነበርኩ? ካሳው የኔም ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ በገዛ እጅህ ነው ስልህ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር። ለእሱ ስትል እኔን ክፉ ሴት አደረግኸኝ።»



አደሴ በዚያ አላበቃችም። አሰለፈች ቤት ሄዳ በግልጽ ተናገረች። አሰለፈች አልጮኸችም፤ ባሏ ለጃለታ ያን ውድ ዕቃ በሰው ሁሉ ፊት እንደሰጠው አስታወሰቻትና ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻት። ወሬው ሰፈሩን ሲዞር ቅርጹን ለወጠ። ጃለታ ስጦታውን በልቶ የሰጪውን ስም የሚያጠፋ፣ ሥራ ተከለከልኩ ብሎ አብሮ አደጉን በሐሰት የሚከስ ሰው ሆነ። እድር ላይ ሲገባ የሚጠጋለት ቀነሰ። እውነቱን ለጠረጠሩትም ያ ዕቃ ስጦታ ሳይሆን የእጁ ዋጋ ተደርጎ ተቆጠረ፤ የተከፈለ ሰው ደግሞ ምን አፍ አለው?

ጃለታ ብሎኖቹን ፈታ። ጆይስቲኩን በፌስታል አድርጎ ሰቦቃ ቤት ሄደና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሰቦቃ ዕቃውን አይቶ ግራ ገባው።

«እኔ የገዛሁት እኮ ይህን አይደለም» አለ።

«አዎ፣ ያንተ ለቀኝ እጅ ነበር» አለው ጃለታ። «ለወጥኩት።»

ያን ጊዜ የሰቦቃ ዓይን ወደ ተቆረጠው ክንድ ሄዶ እዚያው ቀረ። አሰለፈች ከጓዳ ማነው ብላ ስትጣራ ጃለታ ወጥቶ ሄደ። በመንገድ ላይ ያሰበው ስለ ሰቦቃ አልነበረም። ግራ እጁ ማታ ማታ ምን ሊይዝ እንደሆነ ነው ያሰበው።

ሙህሲን ሌላ ላምጣልህ ቢለው አይሆንም አለ። ኮምፒውተሩንም መልሶ ሸጠለት። አሁን ቱሉ ዲምቱ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ በር ጠባቂ ነው፤ መኪና ሲመጣ ዘንጉን ያነሳል፣ ሲያልፍ ያወርዳል። ሰቦቃ ፋብሪካው ውስጥ ካቦ እንደሆነ ነው። አዲሱን ክሬን ሌላ ሰው ያዘ፤ ደህና ይሠራል አሉ።

አደሴ ማንም ሳያስገድዳት የሌሊቱን ፈረቃ ጠይቃ ገባች። እሱ ሲመለስ እሷ ሰርቪሱ እንዳያመልጣት ትወጣለች። በር ላይ ሲገናኙ ምሳ ዕቃው የት እንዳለ ትነግረዋለች፤ ሥጋው ተቆርጦ ተቀምጧል። የሸሚዙን ቁልፍ ግን አሁን ራሱ ለመቆለፍ ተምሯል። ጎረቤት ሲያያቸው ሁለቱም ሥራ የያዙ፣ ቤታቸው የቀና ይመስለዋል፤ እንደነሱ ያድርገን የሚሉም አሉ።